አሰበ ተፈሪ እስክታለቅስ

አሰበ ተፈሪ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1968 ዓ.ም.

ልጄ ኢታና፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። አንተም ልጄ አጥናፉም በደህና አገራችሁ ገባችሁ፤ ሚካኤል የተመሰገነ ይሁን። አጥናፉ ያልጻፈው ጊዜ አጥቶ ነው ያልከውን ግን አላመንኩህም። ወልጄዋለሁ፤ ሲያዝን አይጽፍም፣ ሲደሰትም አይጽፍም። ከልጅነታችሁ ጀምሮ እሱ ይሮጣል፣ አንተ፣ ያልወለድኩህ ልጄ፣ መጥተህ ትነግረኛለህ። እንደዚያው ቀጥል። የእኔንም ጽሑፍ እየታገሥክ አንብብ። ፊደል የቆጠርኩት ባለሱቁ ስኳር ከሚጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ አንዳንዱ ፊደል ከስኳሩ ጋር ቀርቷል።

ይቅርታ መጠየቅህን አልወደድኩትም። ካናዳ ድረስ ሄደን የጫማችንን ክር ሳናስር ተመለስን፣ ያሳደገንን ከተማ አሳፈርን ብለሃል። ሰው ስቆብን ይሆን ብለህም ጠይቀሃል። የሆነውን ልንገርህ። የእድራችን ዳኛ አቶ መኮንን ሬዲዮኑን በረንዳው ላይ አውጥቶልን ነበር። እኛ ቡና ለቃሚዎቹም ከመጋዘን ወጥተን መጥተናል። ሬዲዮኑ፣ በደቡብ አፍሪካ ስለሚጨቆኑት ጥቁሮች ሲባል አፍሪካውያን ከኦሎምፒኩ ወጥተዋል፣ የእኛም ልጆች ሳይወዳደሩ ይመለሳሉ አለ። መጀመሪያ የተናገረው ጫት ነጋዴው አብዱልቃዲር ነው። «ጫቱ ለምለም ነው፣ መኪናውም በሰዓቱ ደርሷል፤ ገበያው ተዘጋ እንጂ። ጫቱ ምን አጠፋ?» አለ። ሳቅን። የሳቅነው በዚህ ነው፤ በእናንተ አይደለም።

አብዱልቃዲር ሁለቱን ያሠለጠንኳቸው እኔ ነኝ ማለቱን እስካሁን አልተወም። ከመሰላ ዳገት የእሱን ጫት በሙዝ ቅጠል ጠቅልላችሁ፣ ሳይጠወልግ መኪናው ላይ ለማድረስ ስትሮጡ ነው እግር ያወጣችሁት፤ ይህን ማንም አይክደውም። አሁን ደግሞ ደመወዝ ይገባኛል እያለ ነው።

እኔን ካልከኝ፣ አገር ሂዱ ስትላችሁ ሄዳችሁ፣ ተመለሱ ስትላችሁ ተመለሳችሁ። አንገቴን ቀና አድርጌ ነው ገበያ የምወጣው። አራት ዓመት ሩቅ አይደለም። ለአጥናፉም ይህንኑ አንብብለት፤ ራሱ እንደማያነበው አውቃለሁ።

እናትህ ዘርፈሽዋል

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1970 ዓ.ም.

አዴ ዘርፈሽዋል፣

ከአጥናፉ ልጀምር፤ ከዚያ በፊት ያለውን ዘለው እንደሚያነቡት አውቃለሁ። ደህና ነው። አብረን ለሶማሊያው ጦርነት ከዘመትን ወዲህ እሱ አሁንም ከጦሩ ጋር ከጅጅጋ ወዲያ ነው ያለው። ሰው ነገረኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከቆሰልኩበት ተራራ እስከ መኪናው ድረስ የተሸከመኝ እሱ ነው። ቁልቁለቱን በሙሉ ትከሻው ሳይነቃነቅ አወረደኝ። ስቃትት፣ «አትንፈራገጥ፤ አብዱልቃዲር ጠውልገሃል ብሎ እንዳይመልስህ» አለኝ። እዚያም ሆኖ ሳቅኩለት።

ስለ ራሴ ጠይቀውኛል። ባለፈው ደብዳቤ ሆን ብዬ አልፌው ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ። ቀኝ ጉልበቴ ነው። እግሬ አልተቆረጠም። ሐኪሙ በከዘራ ትራመዳለህ አለኝ። እሮጥ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። ተግባባን።

አጥናፉ ለምን ወደ ሩጫ ክለባችን አልተመለሰም ብለው ለጠየቁኝም እውነቱን ልጻፍ። ተጠርቶ ነበር። ለሞስኮ ኦሎምፒክ የሚዘጋጁ ሯጮች ይመለሱ ተብሎ ትእዛዝ መጥቶ አዛዡ ራሱ ነገረው። አጥናፉ አብረውት ያሉት ወታደሮች ገና እንደመጡ፣ አገሩን እንደማያውቁት፣ መንገዱን ሳያሳያቸው እንደማይሄድ ተናገረ። አዛዡ ሊቆጣው አስቦ ሳይቆጣው ቀረ። ጦርነቱ አለቀ ሲባል እሰማለሁ፤ እሱ ካለበት መንገድ ላይ ግን ገና አላለቀም። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ስንት ቀን ተናደድኩበት። ከዚያ ተውኩት። ተሸክሞ ያወረደኝን ሰው ሌሎቹን ጥለህ ና ልለው አልችልም።

አንድ ልመና አለኝ። የአጥናፉን ታናሽ፣ ብሩን፣ ይላኩልኝ። ክለቡ ስድን ረዳት አሠልጣኝ ሊያደርገኝ ነው። አጥናፉ፣ «ከእኔም ካንተም እሱ ይበልጣል» ብሎኛል። ለእናቴ እንዳትነግራት ብሎ አስምሎኝ ነበር። እኛ ጴንጤዎች አንምልም ብዬው ስለነበር መሐላው አይቆጠርም።

ኢታና ጉርሜሳ

አሰበ ተፈሪ፣ መስከረም 20 ቀን 1971 ዓ.ም.

ልጄ ኢታና፣

ክረምቱን ሙሉ መልስ ነስቼህ ቆየሁ። ተቀይሜህ አልነበረም። አንዱን ልጅ ለጦር ሰጥቼ ሌላውን ለሩጫ ስሰጥ ቤቱ ምን ይቀረዋል እያልኩ ነው። እናት መሆን ለካ ስስት ነው። አሁን ይኸው ብሩን በአብዱልቃዲር መኪና ልኬልሃለሁ።

ምን አሳመነሽ ትለኝ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት መጋዘን በር ላይ ቁጭ ብለን ቡና ስንለቅም ብሩ ጫቱን ይዞ ከመሰላ መንገድ ብቅ አለ። ሁሌም ያልፋል፤ ሁሌም ግን ዓይኔ ቡናው ላይ ነው። ያን ቀን ቀና አልኩ። ከወገቡ በላይ የቆመ ሰው ነው፤ ከወገቡ በታች መሬቱን ይዞት ይሄዳል። የጫቱ ቅጠል እንኳ አይወዛወዝም። አጠገቤ የምትለቅመው እቴነሽ፣ «ዘርፌ፣ ይህ ልጅ ታቦት የተሸከመ ነው የሚመስለው፤ መንገድ ልቀቁለት» አለች። የሰው ልጅ እንዲህ የሚያደርገው ነገር ካለው ደጄ ላይ ላስረው አይገባኝም።

ሲርበው አይናገርም፤ ዝም ካለ ስጠው። ቅዳሜና እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ፤ አንተ ወደራስህ ጸሎት ቤት ብትወስደው ግን ሰማሁ ብዬ አልጣላህም፣ እግዚአብሔር አንድ ነው። ስለ ጉልበትህ የምትጽፍልኝ ትንሽ ነው። ሲያምህም ጻፍ።

እናትህ ዘርፈሽዋል

አዲስ አበባ፣ የካቲት 14 ቀን 1972 ዓ.ም.

አዴ ዘርፈሽዋል፣

አዎ፣ የሰሙት እውነት ነው። የብሩ ስም ለሞስኮ ከተያዙት ጋር አለ። ማራቶን ነው የሚሮጠው። ከእኔ በፊት ከሰው አፍ መስማትዎ አሳፍሮኛል፤ እስኪጸድቅ ልጠብቅ ብዬ ነው የዘገየሁት።

መጀመሪያ ላይ ዋናው አሠልጣኝ ሩጫውን አልወደዱለትም ነበር። ክንድህን አወናጭፍ፣ ደረትህን ክፈት እያሉ አስቸገሩት። እኔ ይተዉት አልኩ። ለምን ሲሉኝ የጫቱን ነገር ነገርኳቸው። በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚበላሽ ዕቃ ተሸክሞ ያደገ ሰው ጉልበቱን በከንቱ አይበትንም አልኳቸው። በእንጦጦ ዳገት ላይ ሌሎቹ ሲበተኑ እሱ እንደተነሣ ሲደርስ አዩት። ከዚያ በኋላ ክንዱን ተዉለት።

ቀንተህበታል ወይ ብለው መጠየቅዎ አይቀርም ብዬ እኔው ልመልስ። መጀመሪያ ቀንቼ ነበር። መኪና ውስጥ ሆኜ ሲሮጥ ሳየው ጉልበቴን በከዘራዬ የመታሁበት ቀን አለ። አሁን የለም። አሁን ዳገቱ ላይ ሲደርስ የምተነፍሰው እኔ ነኝ።

አጥናፉ ጻፈለት። ሦስት መስመር ነው፤ በዕድሜው ከጻፈው ሁሉ ረጅሙ ነው። ‹አንተ ሩጥ። እኔ መንገዱን እጠብቃለሁ። እማን እንዳታሳስብ።› ይላል። ብሩ መልሶ በየሳምንቱ ይጽፍለታል፤ እኔ ፖስታ ቤት አደርስለታለሁ።

ኢታና

አሰበ ተፈሪ፣ ግንቦት 29 ቀን 1972 ዓ.ም.

ልጄ ኢታና፣

ይህን የምታነበው አብዱልቃዲር በቃሉ ካረዳህ በኋላ ነው። ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሰው ይዞ እንዲገባ፣ ከዚያ በኋላ ወረቀቱን እንዲሰጥህ አደራ ብየዋለሁ። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፤ አንተም ወንድሙ ነህ።

አጥናፉ በመንገድ ላይ ነው የወደቀው። ሰዎቹን ይዞ ሲመለስ አድፍጠው ጠበቋቸው። ከዚህ የበለጠ አላውቅም፤ የነገሩኝም አያውቁም። እዚያው ቀብረውታል። ወደ እኔ የመጡት ጎሕ ሲቀድ ነው። በሩ ከመንኳኳቱ በፊት የእግራቸው ብዛት ነገረኝ። አቶ መኮንን ከፊት ነበር። አብዱልቃዲር ከኋላ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። እሱ ዝም ሲል ገባኝ።

ልጮህ አፌን ስከፍት አቶ መኮንን እጄን ያዘኝ። «ዘርፌ፣ አሁን ከጮኽሽ ነገ አዲስ አበባ ይሰማል» አለኝ። እውነቱን ነው። ከድሬዳዋም ከሐረርም የሚመጣ አውቶቡስ ሁሉ በደጃችን ነው የሚያልፈው። ድንኳን ከተጣለ የማን ልቅሶ ነው ብሎ የማይጠይቅ መንገደኛ የለም። ብሩ በሳምንቱ ይሰማል፣ ሩጫውን ጥሎ ይመጣል። ሐዘን የተቀመጠ ሰው አይሮጥም። ስለዚህ ብሩ ከሞስኮ እስኪመለስ ድንኳን እንዳይጣል፣ ሙሾ እንዳይወጣ፣ ደወልም እንዳይደወል ሽማግሌዎቹ መከሩ። እኔም እሺ አልኩ።

ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ ከተማው በሙሉ ዝም ብሏል። ሰው ወንፊት ሊዋስ እንደመጣ እየመሰለ ሁለት ሁለት ሆኖ ይገባል። እጄን ይዘው ይቀመጣሉ፣ ይሄዳሉ። የመስጊዱ ሰዎች መጥተዋል፣ ያንተም ቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተዋል። ቤቴ ውስጥ ወንፊት አንድ ነው ያለኝ፤ እስካሁን የተዋሰው የለም። እኔም ቡና ለቀማዬ ላይ ነኝ። ነጠላዬን አልዘቀዘቅኩም። እቴነሽ አጠገቤ ተቀምጣ ከእኔ ሰፌድ ላይ ትለቅምልኛለች፤ እጄ ሲቆም እንዳይታይ ነው።

አንተም ቻለው። ለብሩ እንዳትነግረው።

ዘርፈሽዋል

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 8 ቀን 1972 ዓ.ም.

አዴ ዘርፈሽዋል፣

አብዱልቃዲር እንዳዘዙት አደረገ። ከጸሎት ቤታችን ሁለት ሽማግሌዎች ፈልጎ አግኝቶ፣ እነሱን አስቀድሞ፣ ገና ሳይነጋ ገባ። እሱ ራሱ ግን መናገር አቅቶት ሽማግሌዎቹ ነገሩኝ። በሬን ዘግተን የምንችለውን አለቀስን። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወደ ልምምድ ሄድኩ። ብሩ ዓይኔን አይቶ ምን ነካህ አለኝ። አቧራ አልኩት። ዝናብ ሲዘንብ ያደረበት ቀን ነበር።

እንዴት ያዝከው ይሉኝ ይሆናል። አልያዝኩትም፤ ነገሩ እየያዘኝ ነው። ብሩ ለወንድሙ እንደገና ጽፏል። ከመሄዴ በፊት ምርቃቱን ልስማ፣ መልሱን አምጣልኝ ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ። ኪሴ ውስጥ ነው፤ ወዴት እልከዋለሁ? ለቡድኑ መሪ ጉዳዩን ነግሬያቸው ነበር። ልጁ ከሰማ ከቡድኑ ይወጣል አሉ። ከዚያ ደግሞ መላ ሰጡኝ። የወንድሙን አጻጻፍ አንተ ታውቀዋለህ፣ ሦስት መስመር በእሱ ስም ጻፍለት አሉኝ።

ያለ እርስዎ ፈቃድ አልጽፍም። ግን አልዋሽዎትም፣ ብዕር አንሥቼ ነበር። እኔ ለኦሎምፒክ ተመርጬ አንድም እርምጃ አልሮጥኩም። አጥናፉም አልሮጠም። አንድ ጊዜ የአገር ውሳኔ፣ አንድ ጊዜ ጦርነት አስቀረን። ከሦስታችን አንዳችን እንኳ እንሩጥ ብዬ ነው። ለዚህ ሲባል ሦስት መስመር ውሸት ብዙ ነው? ይንገሩኝ። ቡድኑ የሚሄደው በሐምሌ መጀመሪያ ነው።

ኢታና

አሰበ ተፈሪ፣ ሰኔ 15 ቀን 1972 ዓ.ም.

ልጄ ኢታና፣

አትጻፍ። አጥናፉ በሕይወቱ ሳለ ሦስት መስመር የጻፈ ልጅ ነው፤ ሞቶ አራተኛ አይጽፍም።

ብዕር በማንሣትህ አልተቀየምኩህም። ያንን ደብዳቤህን ይዤ ሁለት ቀን መጋዘን አልሄድኩም፤ አሞኛል አልኩ። እሺ ብዬ ያሰርኩህ እኔ ነኝ። አሁን የምፈታህም እኔ ነኝ። ለብሩ ንገረው።

ለሽማግሌዎቹ ሄጄ ነገርኳቸው። አቶ መኮንን ተቆጣ። ይህን ያህል ችለሽ ጥቂት ሳምንት አቅቶሽ ልጁን ከደጃፉ ልትመልሺው ነው አለኝ። ከተማው ሁሉ ጥርሱን ነክሶ የያዘውን አንቺ እናቱ ትበትኝዋለሽ አለኝ። እኔ በእድር ስብሰባ ተናግሬ አላውቅም፤ ያን ቀን ተናገርኩ። «አቶ መኮንን፣ አጥናፉ ተመለስ ሲባል አልመለስም ያለው እያወቀ ነው። ታናሹም እያወቀ ይሂድ፣ ወይም እያወቀ ይቅር» አልኩት። የሚሸከመውን ሳይነግሩት የሚጫነው አህያ ብቻ ነው ብዬ ጨመርኩበት። አብዱልቃዲር፣ «ወላሂ፣ እኔም ለልጆቹ ውስጡ ምን እንዳለ ሳላሳይ የጫት እስር ጭኜባቸው አላውቅም» አለ። አቶ መኮንን፣ እንደፈቀድሽ አለ። ደስ ብሎት አይደለም።

እንግዲህ በወጉ ንገረው። በማለዳ፣ ሰው ይዘህ። ሩጥ አትበለው። አትሩጥም አትበለው። እናትህ ይነገረው ብላለች በለው፣ ሌላ አትጨምር። ቢመጣ ደጄ ክፍት ነው፤ ቢሄድም ደጄ ክፍት ነው። የቱንም ቢያደርግ ልጄ ነው ብዬ የምናገርበት አፍ አለኝ።

እሱ እስኪያውቅ ግን እኛ አናለቅስም። ታናሽ ወንድም ሳይሰማ ለታላቁ በአደባባይ አይለቀስም። መነገሩን እንዳወቅን ድንኳኑ ይጣላል። የአብዱልቃዲር መኪና ቦርደዴ ላይ ተበላሽቶ ቆሟልና ይህን በፖስታ ልኬዋለሁ። ክረምት ነው፤ ቶሎ እንዲደርስህ እጸልያለሁ።

እናትህ ዘርፈሽዋል

አሰበ ተፈሪ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም.

ልጄ ኢታና፣

መልስህን እየጠበቅኩ ነው። ፖስታ ቤት ያለው ሰው ገና ከበሩ ሳልደርስ ራሱን ይነቀንቅልኛል። ልጆቹ መሄዳቸውን ከሬዲዮ ሰማን፤ የብሩም ስም ተጠራ። ደብዳቤዬ ደርሶህ ይሁን፣ ነግረኸው ይሁን፣ ሳታደርስ ሄዶብህ ይሁን አላውቅም። ብቻ ስሙ ሲጠራ ሰው ሁሉ እኔን አየኝ፤ እኔ ደግሞ ፊቴን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ።

አርባው አለፈ። ቄሱ ፍትሐቱን ዝቅ ባለ ድምፅ ደረሱለት። ደወል አልተደወለም፣ ንፍሮው ቤት ለቤት በሳህን ተሸፍኖ ዞረ። እቴነሽ ጥቁር ቀሚስ አቅልማልኝ አልጋዬ ሥር አስቀምጣለች። አሁንም በነጩ ነው የምወጣው።

በአንተ ላይ ምን ደርሶ እንደሆነም እፈራለሁ። ጉልበትህ ነው? ምንም ቢሆን ጻፍልኝ።

ዘርፈሽዋል

አሰበ ተፈሪ፣ ነሐሴ 4 ቀን 1972 ዓ.ም.

ልጄ ኢታና፣

ደብዳቤህ አልደረሰኝም፤ መልሱ ግን ደርሶኛል። ይህን የያዘልህ አብዱልቃዲር ነው። መኪናውም ድኗል።

ጋዜጣውን ያመጣውም እሱ ነው። እጁ ላይ እያወዛወዘ፣ የእኔ ልጅ፣ የእኔ ልጅ እያለ ወደ መጋዘኑ ገባ። የማራቶን ሯጮች ሲነሡ የተነሣ ፎቶግራፍ ነው። ብዙ ሰው አለበት፤ እኔ ግን መፈለግ አላስፈለገኝም። ሌላው ሁሉ ሲወዛወዝ የቆመ የሚመስል ትከሻ አንድ ነው። ልጄን አየሁ። ከዚያ ጋዜጣውን ወደ በሩ ብርሃን አወጣሁት።

አገጩ ጠቁሯል። ብሩን ታውቀዋለህ፣ ጢም ሲያቀመቅም ቀድሞ የሚላጭ ልጅ ነው።

አቶ መኮንን ተጠርቶ መጣ። መነጽሩን አድርጎ ቆየና የማተሚያ ቀለም ነው አለ። አብዱልቃዲር፣ «ቀለሙ ያን ሁሉ ነጭ አገጭ ትቶ የእኛን ልጅ መረጠ?» አለው። ጋዜጣው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እቴነሽ ፊደል አታውቅም፤ እስዋ ጋ ሲደርስ ግን ብዙ አላየችውም። «ይህ የሐዘን ጢም ነው» አለች። ማንም አልተከራከራትም። ያወቀ ልጅ ነው። አውቆ ሄዷል፣ አውቆ ቆሟል፣ እኛ እንድናይለት ፊቱን ይዞ ቆሟል።

አቶ መኮንን ባርኔጣውን አወለቀ። «ዘርፌ፣ አሁን አልቅሺ» አለኝ።

ነጠላዬን እዚያው ቡናው ክምር ላይ ቆሜ ዘቀዘቅኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አላስታውሰውም። ደወሉ ሲደወል ሰማሁ። ድንኳኑን በመንገዱ ዳር፣ አውቶቡስ በሚያልፍበት ጣሉት። ለቃሚዎቹ ሰፌዳቸውን ጥለው መጡ፣ ከመሰላ ጫት ተሸካሚዎቹ መጡ፣ ከመስጊድ ከሶላት የወጡት በቀጥታ መጡ። ያንን ሁሉ ሳምንት የተዋጠ ድምፅ በአንድ ቀን ወጣ። አውቶቡሶች ቆሙ። ተሳፋሪዎች ወርደው የማን ልቅሶ ነው ይላሉ፤ የሯጭ ነው ይሏቸዋል። የሚሮጠው ሞስኮ አይደል እንዴ ሲሉ፣ እሱ ታናሹ ነው ይሏቸዋል።

ሰው አንገቴን አቅፎ እግዚአብሔር ያጽናሽ ይለኝና ቀና ሲል እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል። መጀመሪያ የቱን ልመልስ ግራ ገብቶኝ ነበር። አሁን ለሁለቱም አሜን እላለሁ። ሁለት ልጅ ነው የወለድኩት።

ስንተኛ እንደወጣ ጋዜጣው ላይ ሳይኖር አይቀርም። እስካሁን የፈለገው ሰው የለም።

እናትህ ዘርፈሽዋል

አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1972 ዓ.ም.

አዴ ዘርፈሽዋል፣

ጉልበቴ ደህና ነው። ዝም ያልኩት በሌላ ምክንያት ነው፤ ለቆዩበት ጭንቀት ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሰኔው ደብዳቤዎ ዘግይቶ፣ ሊሄዱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ደረሰኝ። በማግሥቱ ማለዳ ሁለቱን ሽማግሌዎችና አብረውት የሚሮጡትን ልጆች ይዤ ወደ ብሩ ገባሁ። ያለ ከዘራዬ ነበር የገባሁት። ገና ስንደረደር ከአልጋው ተነሥቶ ቆመ። «አጥናፉ ነው» አለ። አዎ አልኩት።

ወዲያው የጠየቀው እርስዎን ነው። «እማ እንዴት ሆና አለቀሰች?» አለኝ። ገና አላለቀሰችም፣ ከተማውም አላለቀሰም፣ አንተ እስክታውቅ ይዘውታል አልኩት። ይህን ሲሰማ ለቅሶ የጀመረ ፊቱ ቆመ። «እስዋ ሳታለቅስ እኔ አልቀድማትም» አለ። ሦስት ቀን መሬት ላይ ተቀመጠ። ሯጮቹም ከነልምምድ ልብሳቸው አብረውት ተቀመጡ። እንባ አላየሁበትም። የቡድኑ መሪ መጥተው ብትቀር ማንም አይፈርድብህም አሉት። «እናቴ ሂድም ቅርም ካላለችኝ እኔ እሄዳለሁ» አላቸው።

ነግሬዋለሁ ብዬ ልጽፍልዎ ነበር። ብሩ ከለከለኝ። እሮጣለሁ ብዬ ተስፋ ሰጥቻት እዚያ ስደርስ እግሬ እምቢ ቢለኝስ አለ። ከቆምኩ ፎቶግራፍ አይጠፋም፣ ያኔ ራሴ አስታውቃታለሁ አለኝ። ከመሄዳቸው በፊት የክለቡ ፀጉር አስተካካይ ሁሉንም ሊላጭ ሲመጣ ብሩ ከወንበሩ ተነሣ። ለአገር ክብር ነው፣ ፊትህ ይጽዳ ሲሉት፣ ይህም ለክብር ነው አላቸው።

ሩጫውን አልዘረዝርም፤ መጥቶ ራሱ ይነግርዎታል። ሜዳልያ የለውም። ከመካከለኞቹ ጋር ነው የገባው። ሙቀቱ ብዙዎቹን ጥሏል፤ እሱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሮጠ። በሬዲዮ ስንሰማ ዋናው አሠልጣኝ የእኔን ከዘራ ይዘው ነበር፤ ሲያልቅ ነው የመለሱልኝ።

የእርስዎን ደብዳቤ አብዱልቃዲር ባመጣ በሦስተኛው ቀን ቡድኑ ተመለሰ። አውሮፕላን ማረፊያ ሄድኩ። ባለሥልጣኖች ተሰልፈዋል፣ ለእያንዳንዱ አበባ ሰጡ። ብሩ አበባውን እንደያዘ ከሰው መካከል እኔን ፈልጎ መጣ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠኝም።

«አለቀሱ?» አለኝ።

«አለቀሱ። አውቶቡስ ሳይቀር ቆመ» አልኩት።

ያኔ፣ እዚያው አውሮፕላኑ ሥር፣ ጮኾ አለቀሰ። ባለሥልጣኖቹ በደረጃው ያዘነ መስሏቸው ከበቡት። አይዞህ፣ ገና ወጣት ነህ፣ በሚቀጥለው ታሸንፋለህ እያሉ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። እኔ አላረምኳቸውም።

ቅዳሜ ሁለታችንም እንገባለን። ድንኳኑን አታንሡት።

ኢታና